መስታወትና ቁልፍ ስለ ማድረጋችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2017 ዓ.ም

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከጥምቀት በኋላ የድሮ መጫወቻዎች የተደረደሩባቸውን የሻይ ቤታችንን መደርደሪያዎች በመስታወት ዘግተን ቁልፍ በማድረጋችን ብዙዎቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ አውቃለሁ። ፊት ለፊት የነገራችሁኝ አላችሁ። ምንም ሳትሉ የቀራችሁም አላችሁ፤ የእናንተ ዝምታ ይበልጥ ከበደኝ። ልጆች እንደ ቤታቸው በሚገቡበት ቤት አስቀድሜ ሳልናገር «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ መጠበቄ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ መስታወቱ ግን ይቅርታ የምጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ እስቲ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አባቴ እዚሁ ከተማ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ሰዓት የሚጠግን ሰው በቁልፍ የሚሞላ ማንኛውንም ነገር ይጠግናል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሞላው የተበጠሰ የቆርቆሮ መኪናና መዝለል ያቆመ እንቁራሪት ይመጣለት ነበር። አንዳንዱ ባለቤት በዚያው ይቀራል። አባቴ ግን ሰው ረስቶት የሄደውን ዕቃ አይሸጥም፤ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፎ በክር ያስርበታል። ሲያርፍ 17 መጫወቻዎች ከነወረቀታቸው ተረከብኩ። በ2008 ዓ.ም ሻይ ቤቱን ስከፍት ለቤት ማድመቂያ ደረደርኳቸው፤ ሌላውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። በሰብሳቢዎች ልማድ 100 ዓመት የሞላው ነው ጥንታዊ የሚባለው፤ የእኛ አብዛኞቹ ገና አልደረሱም። ለእኔ ግን ዕድሜያቸው ሳይሆን የማን እንደሆኑ ማወቄ ነው የሚከብደኝ።

ልጆቻችሁ ከበር ጀምረው የሚጠሯትን ቢጫ የቆርቆሮ ጫጩት ታውቋታላችሁ። ሆዷ ሥር በደቃቁ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ጃፓን ከ1945 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. በውጭ ጦር ሥር ሳለች ወደ ሌላ አገር በምትልካቸው ዕቃዎች ላይ ይታተም የነበረ ነው። ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ጦር ጋር የሄደ ወታደር ሲመለስ ለሴት ልጁ ይዞላት መጣ። ያቺ ልጅ ዛሬ አያት ናቸው፤ ጫጩቷን ከሻሽ ፈትተው በእጄ ሲያኖሩ «አደራ» ከማለት ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በጥምቀት ሳምንት ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ሕፃን የጫጩቷ መሙያ ቁልፍ እምቢ ሲለው በኃይል ጠመዘዘው። በሕፃኑ አልፈርድም፤ እኔም በዚያ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ሞላው ተበጠሰ፤ ግራ እግሯም አብሮ ተነቀለ። ሞላውን ከአባቴ የማንቂያ ሰዓት ቆርጬ ተካሁት። እግሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እንዲህ ያለ መጫወቻ ሥዕሉ የሚታተመው ቆርቆሮው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ነው፤ ከዚያ ተቆርጦ ይታጠፋል፣ ትንንሽ ምላሶቹም በቀዳዳ አልፈው ይጠመዘዛሉ። ያ ምላስ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራል፤ ልበይደው ብል እሳቱ ቀለሙን ይልጠዋል። ሴትዮዋን ጠርቼ አሳየኋቸው። አልተቆጡም። እግሩን በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ ቆዩና «ምን ይደረግ» ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ቢቆጡኝ በቀለለኝ።

በዚያው ሌሊት መደርደሪያውን በእጅ ባትሪ አንድ በአንድ አየሁት። የከተማችንን ብርድ ለእናንተ አልነግርም። ሌሊት በውርጭ የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ጠዋት የሻይ እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ ሲያርፍበት ያልበዋል፤ ከላብ ዝገት ይመጣል። ላብ ያለበት እጅ ደግሞ ያፋጥነዋል። ከመስታወቱ ጀርባ ያያችኋቸው ትንንሽ ከረጢቶች ከጫማ ካርቶን ውስጥ የወጡ እርጥበት መጣጮች ናቸው፤ ከጫማ ነጋዴዎች ለምኜ ነው የሰበሰብኳቸው። ሮዝ ጉንጭ ያላት አሻንጉሊት የተሠራችው ሴሉሎይድ ከሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው። ሴሉሎይድ እሳት ሲያገኝ እንደ ክብሪት ነው የሚያያዘው፤ እኛ ደግሞ መሐል ቤት የከሰል ምድጃ እናነዳለን። ዘጠኝ ዓመት ልጆች እሷን አቅፈው በምድጃው ዙሪያ ሲሯሯጡ ዝም ብዬ ማየቴን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። የድሮ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ አሜሪካ እንኳ ለመጫወቻ የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። «ልጆቻችንን ጠላህ» ያላችሁኝ ይህንን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ መስታወቱ ወጪና ስለምናስከፍለው 30 ብርም ተነሥቷልና ልናገር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከመቶ ሲያልፍ፣ መስታወቱም ማጠፊያውም ቁልፉም አብረው ወጡ። ያሠራሁት ባለቤቴ ለጣሪያ ባስቀመጠችው ገንዘብ ነው፤ ጣሪያው ለክረምት ይቆየን። 30 ብር የምናስከፍለው ምንም ሳይጠቀም ፎቶግራፍ ብቻ አንሥቶ የሚወጣውን ነው። ሻይ የያዘ ሰው እንደ ወትሮው በነጻ ያያል።

አንድ የቆየ ደንበኛችን ግን «ሌባ አደረግኸን» አለኝ። እንጀራዬን የሰጠኝ ሰው ስለሆነ ያን ዕለት አልመለስኩለትም፤ ዛሬ ልመልስ። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና በተጠጋ ጊዜ፣ እነዚህን መጫወቻዎች በመንዝ ባና ጠቅልላችሁ በአይሱዙ ጭናችሁ ወደ አዲስ አበባ ያሸሻችሁልኝ እናንተው ናችሁ። የገዛ ዕቃችሁን ትታችሁ የእኔን ጫናችሁ። ስንመለስ ተቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቁልፍ የምዘጋ ይመስላችኋል? ይህን ቃል መስማቴ ሆድ አስብሶኛል፤ አልደብቅም።

ለልጆቹ በመስኮቱ ሥር ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አዘጋጅተናል። ገበጣ፣ ብይ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ጎማቸው ከቆርኪ የሆነ የሽቦ መኪኖች አሉበት። እነዚህን ቢሰብሩ በማግስቱ ሌላ ይሠራል፤ የሰፈራችን ልጆች እየሠሩ ያመጡልናል፣ እኛም እንከፍላቸዋለን። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መስታወቱን ከፍቼ ጫጩቷን እኔው እሞላታለሁ፤ ሦስት ዙር ብቻ። በግራ በኩል ታነክሳለች፤ መልቀሟን ግን አልተወችም። ያለፈው ቅዳሜ የመጡት አራት ልጆች ናቸው። ድሮ ወንበር ይጠበን ነበር።

የሚቀጥለው መጋቢት ገብቶ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ለልጆቹ ሹራብ ደርቡላቸው፤ ምድጃውን ከመደርደሪያው አርቄ ወደ በሩ ስላዛወርኩት መስኮቱ ሥር ትንሽ ይበርዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሻይ ቤቱ ባለቤት