የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አሁን ኪቦርድ እንግዛ

ዘንድሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ኪቦርድ መቼ ነው የምትገዙት?" ይለኝ ነበር። መልሴ "ትንሽ እንቆይ" ነበር። ቸልተኝነት የመሰላቸው አሉ። አልነበረም። ምን እንደሚያስፈልገን ለይተን ሳናውቅ የወላጅ ገንዘብ ማውጣት ስላልፈለግሁ ነው። ጥቅምት ላይ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ሻጩ የሚያወራውን የሪትም ብዛት ሰምተን እንመለስ ነበር።

ያለንን አሮጌ ኪቦርድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኅዳር ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ትዝታ ስትለማመድበት ቆም አለች። "ቲቸር፣ ባሱ እየጠፋ ነው" አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። የግራ እጇ ትንሽ ጣት የባሱን፣ ማለትም የወፍራሙን ድምፅ፣ ቁልፍ እንደተጫነ ነው፤ ድምፁ ግን የለም።

ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም። ማንኛውም ኪቦርድ በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው የድምፅ ብዛት ገደብ አለው። ፖሊፎኒ የሚባለው ይህ ነው። ገደቡ ሲሞላ ለአዲሱ ድምፅ ቦታ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተነካውን ያጠፋዋል። የእኛው ስንት እንደሚችል ልጅቷ ራሷ ለካችው። የፒያኖ ድምፅ በራሱ እየከሰመ ስለሚሄድ ያሳስታል፤ ስለዚህ ጣት እስኪነሳ የሚቀጥለውን የኦርጋን ድምፅ መረጠች። ባሱን ይዛ ሌሎች ቁልፎችን አንድ በአንድ ጨመረች። ዘጠነኛው ላይ ባሱ ጠፋ። ኦርጋንና ቫዮሊን ደርባ ስትሞክር ደግሞ አምስተኛው ላይ ጠፋ። ሁለት ድምፅ ሲደረብ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ቦታ ይይዛል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ክበቡ ተነቃቃ። ድምፅን በኤሌክትሪክ ስለሚፈጥረው መሣሪያ፣ ስለ ሲንተሳይዘር፣ ታሪክ እናወራ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣ ነበር። በ1978 ፕሮፌት 5 አምስት ላይ ደረሰ፤ በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 አሥራ ስድስት። የማሲንቆ ልጆቻችን ሚኒሙግን ወዲያው ወደዱት። የእነሱም ገመድ አንድ ነዋ!

የካቲት ላይ ፒያሳ አካባቢ የሚኖር፣ ሠርግ ላይ የሚጫወት ባለሙያ ቤቱ ጋበዘን። የእሱ ኪቦርድ 128 ድምፅ ይችላል። ልጅቷ "ጋሼ፣ እኔም ልሞክረው?" አለች። ኦርጋኑን ከፍታ ባሱን ያዘች። አሥሩም ጣቶቿ አለቁ፤ ባሱ አለ። ጓደኛዋ እጁን ጨመረ። ሌላው በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቶ ነካ። ቁልፎቹ በልጆች እጅ ተሸፈኑ፤ ባሱ አሁንም አለ። "አለ! አለ!" እያሉ ሲጮኹ እንባዬ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ጣታቸውን ሲቆጥቡ የኖሩ ልጆች ናቸው።

ባለሙያው ግን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ አለን። "ሠርግ ላይ ድምፅ የሚበላብኝ ጣቴ ሳይሆን እግሬ ነው" አለ። ፔዳል ሲረገጥ ጣት የተነሳለትም ድምፅ ቦታ እንደያዘ ይቆያል። ሪትም ሲከፈት ከበሮውና ባሱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለእኛ ደረጃ 64 ይበቃል ብሎናል። ሁለት ድምፅ ብንደርብ እንኳ 32 ቁልፍ ይቀረናል።

ሳምንታዊ ልምምዱ ቀጥሏል፤ በሰንደቅ ዓላማ ቀንና በወላጆች ቀን ተጫውተናል። አዳፕተሩ ተቃጥሎ ልምምድ የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። የወላጆች ቀን ላይም መብራት ጠፍቶ ዝግጅቱን በክራር ጨርሰናል። የስፖርት ክበብ ኳስና ማሊያ ሲገዛለት ደስ ይለኛል። ለሙዚቃ ግን የአንድ አዳፕተር ገንዘብ እንኳ ለማግኘት መለመን አልነበረብንም።

"ክራርና ማሲንቆ እያለ ኪቦርድ ምን ያደርጋል?" ለምትሉ፣ የምንተወው ነገር የለም። በኪቦርዱ ቁልፎች መካከል የሚወድቁትን ድምፆች ማሲንቆው ያወጣቸዋል። ኪቦርዱ ደግሞ ለመዘምራኑ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆችን፣ ይይዝላቸዋል።

የምንፈልገው 61 ቁልፍ ያለው፣ የጣትን ክብደት የሚለይ፣ ቢያንስ 64 ድምፅ የሚችል፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነው። ፔዳልም አብሮ ይገዛ። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘቡን በትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ በኩል ገቢ አድርጉ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ክረምቱ ሳይወጣ ከገዛን መስከረም ላይ ልምምድ እንጀምርበታለን። ከመክፈላችን በፊት ሱቅ ድረስ ሄዳ የምትሞክረው ያቺው ልጅ ናት።