ሳታዪ አትፈርሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአያትሽ ጉልበት ብቻ ይህን ክረምት አልወደደውም።

እዚያ ቻይና፣ የዣኦዡ ድልድይ ላይ ቆመሽ የላክሽውን ፎቶ እናትሽ አሳጥባ ሳሎን ሰቀለችው። እኔ ግን ካንቺ ይልቅ ድንጋዩን ሳይ አመሸሁ፤ አትቀየሚኝ። ሊ ቹን የተባለ ግንበኛ በሱይ ሥርወ መንግሥት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 605 ግድም የጨረሰው ነው። 37 ሜትር የሚሆነውን ወንዝ መሀል ላይ ምሰሶ ሳይተክል በአንድ ቅስት ዘለለው! በትልቁ ቅስት ትከሻ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ትንንሽ ቅስቶች ክፍት ተወ፤ ወንዙ ሲሞላ ውኃው በዚያ ያልፋል፣ የድንጋዩም ሸክም ይቀላል። ጥርብ ድንጋዮቹን ያያያዙትን ወገበ ቀጭን ብረቶች አይተሻቸዋል? ካላየሽ ተመለሺና እዪ። መሠረቱ ጥልቅ አይደለም፤ አምስት ረድፍ ድንጋይ ብቻ ነው። ሰውየው ግን የሚያርፍበትን አፈር ያውቀው ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ያልወረድሽበትን የመሠረት ጉድጓድ «ታይቷል» ብለሽ መፈረምሽን ለእናትሽ እንደ ቀልድ አጫውተሻታል። እኔን አላሳቀኝም። ሳታዪ አትፈርሚ። አለቃሽ ቸኩሎ ነበር አሉ። አለቃ መቼ የማይቸኩልበት ቀን አለ?

ከአያትሽ ቤት በታች፣ ወንዙ ዳር ያለችውን ቁራጭ ግንብ ታስታውሻለሽ። ልጅ ሆነሽ እላይዋ ተቀምጠሽ «አባዬ፣ የምንድን ነው?» ስትዪኝ «የድሮ ነው» ብዬ አለፍኩሽ። እኔ የፈረምኩበት ድልድይ ነው። ዝናብ ነበር፤ ለወንድምሽ ክርስትና የገዛሁትን አዲስ ጫማ ጭቃ እንዳይነካብኝ ከላይ ሆኜ አየሁና «ደህና ነው» አልኩ። ጉድጓዱ ገና ልል አፈር ላይ ነበር። በዓመቱ ነሐሴ ላይ ጎርፉ ሥሩን ቦርቡሮ ጣለው። ሰው አልሞተም። ከገበያ የምትመለስ አንዲት አህያ ከነጭነቷ ሄደች፤ የባለቤቷ ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እዚያ አገር ስለዚያ ድልድይ የሚነገር ተረት አለ። አንድ ሽማግሌ ፀሐይና ጨረቃን በከረጢት ይዞ በአህያው ሊሻገር ሲል ድልድዩ ተንቀጠቀጠ፤ በተረቱ ሠሪው ሊ ቹን ሳይሆን ሉ ባን ነውና፣ እሱ ወንዙ ውስጥ ዘልሎ ገብቶ በእጁ ደገፈው ይላሉ። የእኛዋ አህያ የጫነችው አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም ነበር። እኔም ቤቴ ተኝቼ ነበር።

ልጄ፣ ብርዱ እንዳይመታሽ። በርበሬውንና ሽሮውን በሚመጣው ሰው ልከናል፤ ለጓደኞችሽም አካፍዪ። ፓስፖርትሽን ለማንም አትስጪ። ሰኞ ጠዋት አለቃሽ ዘንድ ግቢና «ሳላይ ነው የፈረምኩት፣ ልይ» በዪው። ሞልተውት ከሆነ ያስቆፍረው፤ ከተቆጣም ይቆጣ። ሳታዪ አትፈርሚ ብያለሁ።

ቦት ጫማ ከሌለሽ ነገውኑ ግዢ። ገንዘቡን እልካለሁ።

አባትሽ