የመጨረሻው ቅጂ ማን ጋ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ሲገናኙ የማይቀር ወሬ አለ። ቦታ ጠበበን። ተማሪው ወንበርና ዋይፋይ ይፈልጋል፤ መደርደሪያው ግን ማንም ለዓመታት ባልነካው መጽሔት ተሞልቷል። ስለዚህ ኮሚቴ ይቋቋማል። ያውም የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የሞተ ኮምፒውተርና የ1986 ዓ.ም. መጽሔት አንድ ዝርዝር ላይ ይሰፍራሉ። ጨረታ ይወጣል፣ ወረቀቱም በኪሎ ተመዝኖ ይሄዳል።

ማስወገዱን አልቃወምም። ምንም የማይጥል ቤተ መጻሕፍት ቀስ በቀስ መጋዘን ይሆናል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት «ይህ ነገር ሌላ ቦታ አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለ? በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ቃለ ጉባኤዎች አንዱም ላይ ይህን ጥያቄ አላገኘሁትም። ሰዎቹ ግድ የለሽ ሆነው አይደለም። መጠየቅ የማንም ሥራ ስላልሆነ ነው።

ለአዲስ ዘመን አልሰጋም። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ጋዜጣ ነው፣ ጥራዙም ከአንድ በላይ ቦታ ይገኛል። የሚያሳስበኝ የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 34/1985፣ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን የፈሉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ጥቂት ቁጥር አውጥተው ከስመዋል። ያን ዘመን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ያለነሱ የት ይሄዳል?

አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዚያን ዘመን መጽሔት አንድ እስር ፈትቻለሁ። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ቡኒ ቀለሙ እስከ ሦስተኛው ቅጠል ሰርጓል። ጠርዙ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። ቁጥር 4 የለም። ከቁጥር 5 ላይ ሁለት ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ተወስዷል፤ ቆራጩ ጥንቁቅ ሰው ነበር፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ከከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ ያው ቁጥር 5 ሙሉውን ቁጭ ብሏል፤ እዚያ ደግሞ የጎደሉት ቁጥር 4 እና ቁጥር 6 ናቸው። ሁለቱ ቢነጋገሩ ከቁጥር 4 በቀር የተሟላ ስብስብ አላቸው። አልተነጋገሩም። አንዱ የራሱን «ጎዶሎ ስለሆነ» ብሎ ቢያስወግደው፣ ሌላው የያዘው ብቸኛ ቅጂ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይወይባል፣ ውስጡ ያለው አሲድም ይበላዋል። በእንክብካቤ የተያዘ የ500 ዓመት ብራና ከ30 ዓመት መጽሔት የተሻለ ጤና አለው ብል አላጋነንኩም። ለብራናውም ቢሆን በ1960ዎቹ አስበንበታል፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች በማይክሮፊልም ተነስተው አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል። ለኅትመቱ ግን እንዲያ አልተጨነቅንም።

«ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት አሳታሚዎች ቅጂ ያስገቡለታል። ነገር ግን በችኮላ ታትሞ በሦስተኛው ወር የተዘጋ መጽሔት አሳታሚ ቅጂ ማስገባቱን በምን እናውቃለን? ቢያስገባስ? አንድ ሕንፃ አንድ ሕንፃ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ከአዲግራት ዩኒቨርሲቲ እስከ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን ዘረፋና ውድመት ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር፣ ቆልፈን ብንይዘውም ተጠብቋል ማለት አይቻልም።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመሩት አሠራር ነበራቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ጆርናል ማስወገድ ሲፈልግ መጀመሪያ ዝርዝሩን ይልካል። በብሪቲሽ ላይብረሪ አንድ፣ በሌሎች አባል ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ በድምሩ ሦስት ቅጂ መኖሩ ይጣራል። ካለ ያስወግዳል። ከሌለ እንዲይዘው ይጠየቃል። በዚህ መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መደርደሪያ ነፃ ሆኗል። አያችሁ፣ ቦታም ተገኘ፣ ቅጂውም አልጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ሃቲትረስት በሚባል ኅብረት ሥር ከተሰባሰቡ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹ ደግሞ «እነዚህን መጻሕፍት ለ25 ዓመት አልጥልም» ብለው በጽሑፍ ቃል ገብተዋል።

የእኛ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። እንዲህ ባለው የቃል አሠራር ውስጥ መጽሐፉ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ) አይቆረጥም፣ ንብረት አይዛወርም። የሚለወጠው ቃሉ ብቻ ነው፤ ይዤዋለሁ፣ አልጥለውም፣ ለሚፈልገው አሳያለሁ። ንብረት በስሙ ተመዝግቦ «ቢጠፋ ትከፍላለህ» የተባለ ሠራተኛ ለምን መጽሔት ቆልፎ እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ።

ክፍፍሉ ያን ያህል አያስቸግርም። ሐረማያ የእርሻውን፣ ጎንደር የጤናውን ይያዝ፤ ሁለቱም በ1940ዎቹ የተከፈቱት ለዚያው ሙያ ነው። የታሪኩና የባህሉ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይቀመጥ። የግል ፕሬሱ ግን ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ አንዱም ከአዲስ አበባ ውጭ ይሁን። የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት የሚባል ማኅበር አለን። ስለ ኤሌክትሮኒክ ጆርናል አብሮ የሚሠራ ኅብረት ስለ ወረቀቱም ቢነጋገር ማን ይከለክለዋል? ደግሞ ፕሮጀክት ይቀረጽ፣ ፈንድ ይፈለግ፣ ሆቴል ውስጥ ወርክሾፕ ይደረግ እንዳይባል። ለመነሻው አንድ የኤክሴል ፋይልና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። «እነዚህን ልናስወግድ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ ሁለት ወር ይጠበቅ። የሚፈልግ ይመጣል።

«ስካን ተደርጓል» የሚለውንም መልስ እፈራዋለሁ። የተቆረጠ ገጽ ስካን ቢደረግ ያው የተቆረጠ ገጽ ነው። ፋይሉም አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። መጀመሪያ የሁለቱን ቤት ጎዶሎ እንገጣጥም፣ ከዚያ ስካን እናድርግ፣ ወረቀቱንም እናቆይ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ የኛን አገር ኅትመት ጭምር ሲሰበስብ ኖሯል። ጥሩ አደረገ። የኛ ተማሪ ግን ለአንድ መጽሔት ዋሽንግተን ይሂድ?

አንባቢዎችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። አልጋ ሥር ወይም ቆጥ ላይ የ1980ዎቹ መጽሔት ያላችሁ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ስሙንና ቁጥሩን በወረቀት ጻፉና በአቅራቢያችሁ ላለው ዩኒቨርሲቲ አድርሱ። ያቺ ቁጥር 4 እናንተ ቤት ልትሆን ትችላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የካታሎግ ሠራተኛ
አዲስ አበባ