የተዘነጉት ጭነት አመላላሾች

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጦርነት ስለጠፉ አውሮፕላኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት፤ ሆኖም ትኩረቱ ሁሉ በተዋጊና በቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ላይ መሆኑ ቅር አሰኝቶኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1945፣ ከሕንድ አሳም ተነሥተው ሂማላያን በማቋረጥ ነዳጅና ጥይት ወደ ቻይናዋ ኩንሚንግ ሲያመላልሱ ከ500 በላይ አውሮፕላኖች፣ በተለይም ሲ-46 እና ሲ-47ን የመሳሰሉ ማመላለሻዎች፣ የጠፉት በአብዛኛው በጠላት ተኩስ ሳይሆን በበረዶ፣ በማዕበልና በሞተር ብልሽት ነው።

ፈላጊዎች ዛሬም በጫካና በገደል ውስጥ ስብርባሪ ሲያገኙ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ ለማወቅ የሞተሩን መለያ ቁጥር አጥብቀው ይፈልጋሉ (በጅራቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቀለም ብዙ ጊዜ ለቆ ይገኛልና)፤ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ስለጠፉ አውሮፕላኖች ባዘጋጃቸው ሪፖርቶች ላይ ይኸው ቁጥር ይሰፍር ነበር። በሚቀጥለው እትማችሁ ለእነዚህ አውሮፕላኖችና ለበረራ ሠራተኞቻቸው ቦታ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ