የዘረመል ውጤት «አይታወቅም» ሲል ዘመድ ይጠየቅ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ዕትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ ስለ ዘረመል ምርመራ የወጣውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ርእሱን ማንሳታችሁ ያስመሰግናችኋል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ደም ሰጥቶ የተመረመረ ሰው በሽታው በዘሩ ይኑር አይኑር ቁርጡን ያውቃል የሚል ሐሳብ አለበት። ዕድሜዬን ደሴ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼ ሜሪላንድ ልጆቼ ዘንድ ከገባሁ በኋላም የማረም አመሌ አልለቀቀኝም። ነገሩ እንደዚያ ቀላል ቢሆን ኖሮ እኛ ቤት ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልተነሣ።

የሟች ወንድሜ ልጅ ሚኒሶታ ትኖራለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ መለሎ ናቸው። መነጽር ልትቀይር በሄደችበት የዓይን ሐኪሙ ሌንሷ ከቦታው መንሸራተቱን አየና ወደ ልብ ሐኪም ላካት። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ስትነሣ ታላቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ የሚባለው፣ ከልብ በሚወጣበት ሥሩ ላይ ሰፍቶ ተገኘ። ማርፋን ሲንድረም የሚባል የዘር በሽታ ነው አሏት። እነዚህ ሁለት ምልክቶች በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ የዘረመል ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች የሚመሩበት መስፈርት ይኸው ነው። ደሟ የተመረመረው ለእሷ ሳይሆን ለወንድሟ፣ ለአክስቶቿና ለአክስቶቿ ልጆች ሲባል ነው። በእሷ ጂን ላይ ያለው ለውጥ ተለይቶ ከታወቀ ሌላው ዘመድ ያቺኑ አንዲት ቦታ ብቻ አስመርምሮ ይገላገላል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1896 እ.ኤ.አ. ጣቶቿ የረዘሙ የአምስት ዓመት ልጅ ዐይቶ ከጻፈው ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ከአንቷን ማርፋን ነው። ከ5,000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። መንሥኤው 15ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ኤፍቢኤን1 የሚባል ጂን መሆኑ የታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ጂኑ ፋይብሪሊን የተባለውን ፕሮቲን ያሠራል፤ የደም ቧንቧን ግድግዳና የዓይንን ሌንስ አንጠልጥሎ የያዘውን ክር አጽንቶ የሚይዘው እሱ ነው። ለውጡ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከአራት ሕሙማን አንዱ ያህል ግን ከወላጅ ሳይወርሰው፣ በራሱ ላይ አዲስ ተፈጥሮበት የሚመጣ ነው።

የልጅቷ ውጤት መጣ። በጂኑ ላይ ለውጥ አለ፤ ትርጉሙ ግን አይታወቅም ይላል። እኅቴ ወረቀቱ ሲነበብላት «ታዲያ ገንዘቡን ለምን ወሰዱ?» አለች።

እንዲህ ያለ ውጤት የሚወጣው በስንፍና አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕክምና ዘረመልና የሞለኪውል ፓቶሎጂ ማኅበራት ባወጡት መመሪያ መሠረት ላብራቶሪዎች አንድን ለውጥ ከአምስት ምድብ በአንዱ ያስገቡታል፤ በሽታ አምጪ፣ በሽታ አምጪ ሳይሆን የማይቀር፣ ትርጉሙ ያልታወቀ፣ ጉዳት የለሽ ሳይሆን የማይቀር፣ ጉዳት የለሽ። «ሳይሆን የማይቀር» ለማለት ከ90 በመቶ በላይ እርግጠኛ መሆን ይጠይቃል። ያ እስኪሞላ ማስረጃ ይለቀማል። ፋይብሪሊን 2,871 አሚኖ አሲዶች ያሉት ረጅም ፕሮቲን ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሲስቲን የሚባለው ፕሮቲኑን አጣጥፎ የሚያስረው ነው። የተቀየረው ሲስቲን ቢሆን ቶሎ ይፈረድበት ነበር። የእኛ ልጅ ለውጥ የወደቀው ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ ነው። ቀጥሎ ለውጡ በጤነኛ ሰዎች ላይ ይታይ እንደሆነ በትልልቆቹ የመረጃ ቋቶች ይፈለጋል። እነዚህ ቋቶች ውስጥ ግን የአውሮፓ ዝርያ ያለው ሰው ነው የሞላው። የወሎ ሰው ለውጥ እዚያ ታጣ ማለት ብርቅ ነው ማለት ይሆን ወይስ ወሎዬ ስላልተመረመረ? ላብራቶሪው በምን ያውቀዋል?

ይህ የእኔ ብሶት ብቻ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት የልብ ጡንቻን በሚያወፍር የዘር በሽታ ላይ ተመሳሳይ ጉድ አሳይቷል። በሽታ አምጪ የተባሉ አንዳንድ ለውጦች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመዱና ጉዳት የሌላቸው ሆነው ተገኙ፤ በሽታ አምጪ ለውጥ አለባችሁ የተባሉት ሰዎች በስሕተት ነበር የተባሉት። ንጽጽሩ ላይ ጥቂት ጥቁር ሰዎች እንኳ ቢካተቱ ኖሮ ስሕተቱ አይፈጠርም ነበር ይላሉ አጥኚዎቹ።

እንግዲህ ማስረጃው ከቋት ካልተገኘ ከቤተሰብ መምጣት አለበት። ለውጡ ከበሽታው ጋር አብሮ ይወርዳል ወይ? የታመመው ሁሉ አለው ወይ? ጤነኛው የለውም ወይ? ላብራቶሪው የጠየቀን ይህንን ነው። ጭቅጭቁም የተነሣው እዚህ ላይ ነው።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ማንኛውም በር ላይ ጎንበስ ሳይል አይገባም። ኮምቦልቻ ላይ ጎማ ሲያስነፋ «ጀርባዬን ቀደደኝ» ብሎ ተቀመጠ፤ ሳይመሽ አለፈ። ገና አርባ አልሞላውም። ቁመናው ያምር ነበርና ዓይን በላው ተባለ፤ ምች ነው ያለም ነበር። አኦርታ ሲሰነጠቅ ሕመሙ በሁለቱ ትከሻ መካከል እንደሚቀድ ማን ነግሮን!

እኅቴ ደግሞ ከልጅነቷ ዓይኗ ደካማ ነው። ድሮ አዲስ አበባ አንድ የዓይን ሐኪም «ሌንስሽ ቦታውን ለቋል» ብሏት ነበር፤ ለማንም ሳትናገር ኖረች። ናሙና ስጪ ስንላት «ጋሼ፣ የልጄን ሰርግ ልታፈርስብኝ ነው?» አለችኝ። የሙሽራው ወገን በዘራቸው በሽታ አለ እንዳይል ፈርታ ነው። እኔ እኅቴን አልወቅሳትም። አገራችን ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማርፋን ያለባት ሴት ስታረግዝና ስትወልድ ግን አኦርታዋ ከሌላው ጊዜ የበለጠ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሰርጉን ለማዳን ሙሽራዋን እንዴት እንሠዋለን? ይህን ያስረዳኋት ከብዙ ቡና በኋላ ነው።

ሰጠች። ለውጡ እሷ ላይ ተገኘ፤ የልጅቷ ታናሽ ወንድም ላይም ተገኘ፤ የእሱም አኦርታ ሰፍቷል። ዓይናችንም ልባችንም ደኅና የሆነው እኔና ታናሿ እኅቴ ላይ የለም። ላብራቶሪው ሁሉን ደምሮ ውጤቱን «በሽታ አምጪ ሳይሆን የማይቀር» ወደሚለው ከፍ አደረገው። አሁን ለውጡ ያለበት ኢኮውን በየጊዜው እያየ፣ የልብ ምትና ግፊት የሚቀንሰውን መድኃኒት እየዋጠ፣ ቧንቧው አምስት ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቀው ያውቃል። የሌለበት ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። የሙሽራዋን ውጤት እዚህ አልጽፍም፤ የራሷ ነው። ሰርጉ ግን ተበልቷል።

በ1984 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ብር ያመጣችው የመረብ ኳስ ተጫዋች ፍሎ ሃይማን በ1986 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ጨዋታ ላይ ወድቃ ስትሞት ዕድሜዋ 31 ነበር። ማርፋን እንዳለባት የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። ወንድሟ በዚያ ምክንያት ተመርምሮ ተገኘበትና በቀዶ ሕክምና ተረፈ።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። ትርጉሙ ያልታወቀ የተባለ ወረቀት ይዘው ካንሰር ፈርተው ጡት ላስቆርጥ፣ እጮኝነት ላፍርስ የሚሉ ሰዎች እዚህ ገጥመውኛል። መመሪያው ራሱ በዚህ ምድብ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የሕክምና ውሳኔ አይወሰን ይላል። ወረቀቱን አስቀምጡ፤ ምድቡ ተቀይሮ እንደሆነ በየጊዜው ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ፤ ውሎ አድሮ ምድባቸው ከሚቀየረው ብዙዎቹ ጉዳት የለሽ ወደሚባለው ይወርዳሉ።

ለአንባቢዎቻችሁ የምለምነው ይህን ነው። በቤታችሁ ሳይታሰብ የሞተ ሰው ካለ ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ የዓይኑን ነገር፣ ምኑን እንዳመመው የሚያስታውሱት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት። ደብተር ይበቃል። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ያንን ይዛችሁ ግቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
(የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ)