ፍንጭትሽ የማን ነው?

ይድረስ ለውዷ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ በርትቷል፤ ጦሳም እስከ ረፋድ ጉም እንደለበሰ ነው።

ወረኢሉ ለአባቴ እህት ለእታለም ልቅሶ ሄደን በድንኳኑ በር ስትገቢ የሆነውን ሳስብ ሰነበትኩ። እኚያ አሮጊት ከተቀመጡበት ተነስተው፣ ፊትሽን በሁለት እጃቸው ይዘው «እታለምዬ፣ ልጅነትሽን ይዘሽ መጣሽልኝ?» ሲሉ ድንኳኑ እንደ አዲስ ተላቀሰ። አንቺ ግራ ገብቶሽ እኔን ታዪ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ እታለምን በሕይወቴ ሁለቴ ብቻ ነው ያየኋቸው፤ እንዴት እሳቸውን እመስላለሁ?» አልሽኝ። «ዘር ከልጓም ይስባል» ብዬ አለፍኩት። ለጥያቄሽ የሚበቃ መልስ አልነበረም።

ወንድሞችሽ ቁርጥ እናታቸውን ናቸው፤ ቀይ፣ አፍንጫቸው ሰልካካ፣ ጸጉራቸው ሉጫ። አንቺ ጠቆር ያልሽ፣ ጸጉርሽ ከርዳዳ፣ የላይ ጥርስሽ ፍንጭት። ቡና ሊጠጡ የሚመጡ ጎረቤቶች «ይቺንስ ከየት አመጣችኋት?» ይሉ ነበር። ለእነሱ ጨዋታ ነው። አንቺ ግን ከዚያ ወዲህ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ መሸፈን ጀመርሽ፤ የስምንተኛ ክፍል ፎቶሽ ላይ ሳይቀር እጅሽ አፍሽ ላይ ነው። እኔ እዚያው ጥግ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር አርም ነበር። መልሱን አውቀው ነበር ልጄ፤ በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እሱኑ ነው። በቤቴ ግን ዝም አልኩ። ይቅር በይኝና ዛሬ ልንገርሽ።

ሰው 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ውርሳችንን (ዘረመልን) የተሸከመ ክር፣ በ23 ጥንድ አለው፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። እኔም ከየጥንዱ ለአንቺ ያወረስኩሽ አንዳንዱን ነው፤ የትኛው እንደሚደርስሽ ዕጣ ነው። ጥንዶቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ቁራሽ ሳንቆጥር እንኳ ከአንድ ወላጅ ከ8 ሚሊዮን በላይ ዓይነት ድርሻ ሊወጣ ይችላል። ከአንድ ማኅፀን ወጥታችሁ አለመመሳሰላችሁ ታዲያ ምን ይገርማል? እታለም የአባቴ እህት ናት፤ አንቺና እሷ በአማካይ ከዘረመላችሁ 12.5 በመቶውን፣ ማለትም ከስምንት እጅ አንዱን፣ በዝምድናችሁ ትጋራላችሁ። ከአጎትሽ ልጆች ጋር የምትጋሪውም ያንኑ ያህል ነው። በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ፊት ላይ ሲያርፍ ግን ድንኳን ሙሉ ሰው ያስለቅሳል።

«አንተ ፍንጭት አይደለህም፤ በየት በኩል መጣ?» ትይኝ ይሆናል። ሜንዴል የተባለው መነኩሴ፣ በፈረንጆች 1866 ባሳተመው ሥራው እንዳሰፈረው፣ ድቡልቡል ፍሬ ያለውን አተር ከጭምድዱ ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ድቡልቡል ወጣ። ጭምድዱ የጠፋ መሰለ። ያንን ፍሬ መልሶ ሲዘራው ግን 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 ጭምድድ ለቀመ። ለካ ሳይታይ ተሻግሮ ነበር። እኔም የእታለምን ሳላሳይ ተሸክሜ አቀበልኩሽ።

የሰው ፊት እንደ አተር አይቀልም። ምላስ መጠቅለልን፣ የጉንጭ ስርጉድን በአንድ ዘረመል የሚወሰኑ አድርጌ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ነገሩ ከዚያ የተወሳሰበ ነው። የቆዳ ቀለምማ የብዙ ዘረመሎች ሥራ ነው። በፈረንጆች 2017 የወጣ፣ ኢትዮጵያውያን፣ ታንዛኒያውያንና ቦትስዋናውያን የተካተቱበት ጥናት ቀላ የሚያደርጉትም ጠቆር የሚያደርጉትም የዘረመል ዓይነቶች አብዛኞቹ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ እጅግ ጥንታዊ መሆናቸውን አሳይቷል። በአንድ ቤት ውስጥ ቀይም ጠይምም ጥቁርም መወለዱ የማንም ጥፋት፣ የማንም ሐሜት አይደለም። ይህን ነበር ያን ጊዜ ሲኒዬን አስቀምጬ ጮክ ብዬ መናገር የነበረብኝ።

ሁሉም በዘር ነው አልልሽም። ወገብሽን ይዘሽ የምትቆሚው አቋቋም ከእኔ ይሁን ከአክስቶችሽ አይተሽ የለመድሽው ይሆናል። ጥርስሽና ጸጉርሽ ግን የእሷ ናቸው።

ከእታለም ሣጥን አንድ ፎቶ ተገኘ፤ በ1960ዎቹ እዚሁ ደሴ ፎቶ ቤት የተነሳችው ነው። ሌላ ቅጂ የለውምና በፖስታ አላምነውም፤ ወንድምሽ ቅዳሜ ሲመጣ በእጁ እልክልሻለሁ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች።

አባትሽ