በየማለዳው ሚዛን ላይ ስለ መቆም
ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክብደት መቀነስ የጀመሩ ብዙ ወገኖቻችን በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጠው ሲተዉት ማየቴ ስላሳዘነኝ ይህን ጻፍሁ። እኔም በደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር ሰው በሚመዝነው ልጅ ሚዛን ላይ በየማለዳው እየቆምሁ፣ ከትናንቱ ግማሽ ኪሎ ጨምሬ ባገኘሁት ቁጥር ቀኑን ሙሉ አዝን ነበር፤ ለካስ ጨው የበዛበት እራት በልተው ሲያድሩ ሰውነት ውኃ ይይዛል እንጂ ስብ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይጨምርም። የጤና ባለሙያዎች በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስን ይመክራሉ። እኔ ከዚያም ዘግይቼ፣ የቡናዬን ስኳር አስቀርቼና የጦሳን አቀበት ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ፣ በ5 ወር 7 ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። አሁን የምመዘነው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ጋዜጣችሁም «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን እንዳያስተናግድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከደሴ